ሀ የማይባልበት መንገድ

መቼ እንደ ነበር በትክክል አላስታውስም። ዓመቱን የሚያውቁልኝ ሰዎች አልፈዋል፤ የቀሩትም እንደኔ እየገመቱ ነው የሚኖሩት። ታላቅ ወንድሜ ሚስት ያገባበት ዓመት እንደ ሆነ ግን አልጠራጠርም። የሠርጉ ዳስ ቋሚ የቆመበት ጉድጓድ ሳይደፈን ቀርቶ የገባሁበት እኔ ነኝ፤ ቁርጭምጭሚቴ ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ይነግረኛል። ኮንጎ የምንለው የላስቲክ ጫማ ያኔ ሆሳዕና ገበያ ገና አልደረሰም ነበር፤ ደርሶም ከሆነ እኛ መንደር አልደረሰም። ስኳር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሸጣል፣ በስሙኒ ሰው ሻይ በዳቦ ጠጥቶ አፉን ጠርጎ ይወጣል፣ ሬዲዮ ያለው ሰው ግቢ ማታ ማታ በጎረቤት ይሞላል። ከዚህ የበለጠ ዘመኑን አቅርቤ ልነግራችሁ አልችልም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ቤንዚን ነው። ሰሞኑን ከተማችን ውስጥ ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጆቹ ሁሉ ማደያው በር ላይ ተሰልፈው አደሩ። የልጅ ልጄን ኤልዳናን ኬጂ የሚያመላልሳት ባጃጅም እዚያው ሰልፉ ውስጥ ቀረ። ምራቴ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ከበር ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በር ትመላለሳለች። «ታዲያ ልጄ በምን ልትሄድ ነው?» ትለዋለች ሾፌሩን። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ «በእግሯ» አልኩ። ምራቴ ዞር ብላ አየችኝ። በፈረስ ላድርሳት ብል እንኳ እንደዚያ የምታየኝ አይመስለኝም። «አባቢ፣ ሩቅ እኮ ነው» አለች። «የት ነው?» አልኳት። «ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ።» «እሱማ እዚህ ነው» ብዬ ኮፍያዬን አደረግሁ።

ቦርሳዋን እኔ ተሸከምኩ። ውስጡ ምን እንዳለ እንጃ፣ አንድ ሰው አገር ጥሎ ሲሄድ የሚይዘውን ያህል ይከብዳል። ኋላ ሲገባኝ ሁለት ዓይነት ምሳ ነበር፤ አንዱ የሚበላ፣ ሌላው የመጀመሪያው ቢያስጠላ የሚተካ። ገና አስፋልቱ ላይ ሳንወጣ ሰው ያስቆመን ጀመር። «ጋሽ ላሬቦ፣ በሰላም ነው? ልጅቷን አሟት ነው?» ይላል አንዱ። «ደህና ናት፤ ትምህርት ቤት እየሄደች ነው።» «በእግሯ?» ሙዝ የምትሸጠው ሴትዮ ደግሞ አዝና «ኧረ አባባ፣ ይዘሏት እንጂ» አለችኝ። ሞተር ሳይክል የያዘ የማላውቀው ጎረምሳ ሳይቀር ቆሞ ላድርሳችሁ አለ። በሆሳዕና መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሕፃን በእግር መሄዳችን ሐዘን የደረሰብን አስመሰለን። ኤልዳና ግን ደስ ብሏታል። «አባቢ፣ እዚህ ጋ ዛፍ አለ እንዴ?» ትለኛለች። «አንቺ ሳትወለጂም ነበረ።» «እኔ የማውቀው የሾፌሩን ማጅራት ብቻ ነው» አለችኝ። ልክ ናት። ያ ባጃጅ ውስጥ እንደ ሽንኩርት ታጭቀው ሲሄዱ ሌላ ምን ይታያቸዋል?

ትንሽ እንደ ሄድን መንገዱ ሰለቻትና ፊደሏን መቁጠር ጀመረች። ከስልክ ላይ የለመደችው ዜማ አለው። ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ያለ አንዳች ፍርሃት፣ በአደባባይ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» አለች። ሳቅ አፈነኝ። ከአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ አረፍ አልኩ። «ምን ያስቅሃል?» አለችኝ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ እንደ እናቷ። «እኔ ልጅ ሆኜ፣ ፊደል ያስተማረችኝ ሰው ሀ አትልም ነበር» አልኳት። «ታዲያ ሀን ምን ትለው ነበር?» «አባባ ነበር የምትለው።» ኤልዳና አሰበችበትና «ተሳስታ ነው» ብላ ፈረደች። አልተሳሳተችም። ለዚህ ነው ብዕር ያነሣሁት። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርኩት፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን በሙሉ በስፌት መኪና የተማሪ ልብስ ስሰፋ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ጽሑፉ አንዳንድ ቦታ ስፌቱ ቢጣመም አትፍረዱብኝ።

ከኛ መንደር እስከ ሆሳዕና ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ። ከግቢያችን በር ይነሣል፤ በጎረቤታችን አጥር ሥር ያልፋል፤ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ትልቅ ዋርካ ጋ ይደርሳል፤ ከጸሎት ቤቱ ቁልቁል ወርዶ ወንዝ አለ። ወንዙ ላይ አንድ ግንድ ተጋድሟል፤ ድልድይ የምንለው እሱን ነው። ከወንዙ ማዶ ዳገት፣ ከዳገቱ በላይ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ በኋላ የከተማው ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ልብሴ ወንድሜ የለበሰው ካኪ ሱሪ ተቆርጦ የተሠራ ቁምጣ ነበር፤ የተቆረጠው ጨርቅ ደግሞ ኪስ ሆኖ ተመልሶ መጥቷል። ጫማው በረባሶ ነው። ከመኪና ጎማ ስለሚሠራ ጭቃ ላይ ስንሄድ የትራክተር ዱካ እየተውን ነበር የምንሄደው። ዝናብ ሲመጣ የእንሰት ቅጠል ቆርጠን ራሳችን ላይ እንደፋለን። ክፍል ስንደርስ ያው ቅጠል መቀመጫ ይሆናል፤ ምሳ ሰዓት ቆጮአችን የሚዘረጋበት ገበታም እሱ ነው። የኤልዳና ቦርሳ ውስጥ ካለው ዕቃ ይህን ሁሉ ሥራ ብቻውን የሚሠራ አንድም አላየሁም። እንዲህ ስል ያኔ ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም። እግራችን ይላላጥ ነበር፤ ቅጠሉም ያፈስስ ነበር።

በዚህ መንገድ ለመሄድ ግን መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ሊቀበለኝ ይገባል። ያኔ የልደት ካርድ የሚባል ነገር የለም፤ ዕድሜህን የሚመሰክርልህ ክንድህ ነው። ቀኝ ክንድህን በአናትህ ላይ አሳልፈህ ግራ ጆሮህን ከነካህ ለትምህርት ደርሰሃል፤ ካልነካህ ትመለሳለህ። አባቴ በምዝገባ ቀን እጄን ይዞ ወሰደኝ። መምህሩ ከሩቅ አገር የመጡ፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን በሙቀትም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። «ንካ» አሉኝ። እኔ ደግሞ አናቴ ትልቅ፣ ክንዴ አጭር ነበር። ጣቶቼ ከጆሮዬ በላይ ፀጉሬ ውስጥ ቀሩ። አንገቴን ሰበቅ አድርጌ ጆሮዬን ላቀርበው ብል መምህሩ አዩኝ። «እጅህን ወደ ጆሮህ ውሰድ እንጂ ጆሮህን ወደ እጅህ አታምጣ» አሉኝ።

አባቴ በገበያ አማርኛው ሊከራከርልኝ ሞከረ። «ጋሼ፣ ዕድሜ ደርሷል። ጭንቅላት ነው የበዛ» አላቸው።

«ለዓመት አምጣው።»

«ለዓመትማ ሾኔ ነው የሚሄድ።»

ሾኔ በርበሬ የሚነግድ አጎት ነበረኝ። ልጅ አልወለደም፤ አህያውን የሚነዳለት ልጅ ስጡኝ እያለ አባቴን ሲጨቀጭቀው ከርሟል። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጅ ሥራ ፈትቶ ከሚያድግ ወይ ይማር ወይ ይነግድ የሚል ሰው ነው። መምህሩ እኔን አዩኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳዩ አላውቅም። «እንግዲያው» አሉ፣ «ፊደል ለይቶ ከመጣ ጆሮውን አልጠይቀውም። ከጥምቀት በኋላ አምጣው።» ስንመለስ አባቴ መንገዱን ሁሉ እየሳቀ ነበር። «ከኛ ቤት ማን ፊደል ያውቃል? በቃ አንተ የሾኔ ሰው ነህ» አለኝ። አጎቴም ወሬው ደርሶት አለንጋ ላከልኝ፤ ጫፉ በቀይ ቆዳ የተጠለፈ፣ የሚያምር የአህያ መንጃ። አባቴ ግድግዳው ላይ፣ ከምተኛበት ቦታ ፊት ለፊት ሰቀለው። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው እሱን ነበር።

ከኛ ቤት ፊደል የሚያውቅ ሰው ግን ነበረ፤ አባቴ አልቆጠራትም እንጂ። አዲሷ ሙሽራ፣ የወንድሜ ሚስት፣ አንጋጫ በኩል ካለ የከምባታ ቤተሰብ የመጣች ናት። እዚያ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። እኛ ቤት ሁሉም «የአንጋጫዋ» ነው የሚላት፤ ሌላ ስም ሲወጣላት አልሰማሁም። ሳቂታ ናት፤ ፈጣን ናት፤ እኔን ደግሞ ገና ትምህርት ቤት ሳልገባ «ተማሪው» ብላ ሰይማኛለች። «ተማሪው፣ ተነሥ፤ ውኃ እንውረድ» ትለኛለች ጠዋት ጠዋት። ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድ የትምህርት ቤቱ መንገድ ነው። እንስራዋን አዝላ፣ ዱላ ቆርጣ፣ አፈሩ ላይ እየጻፈች ታስተምረኝ ጀመረች።

እዚህ ላይ ባሊሻ የሚባለውን ነገር ልንገራችሁ፤ የዛሬ ልጆች እኛው አገር ተወልደው እንኳ አያውቁትም። በሀዲያም በከምባታም ያገባች ሴት የአማቿን ስም አትጠራም። ይህ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ለእሷ ክልክል ነው። አማቷ ስማቸው በ«ቡ» ከጀመረ ቡናን ሌላ ስም ታወጣለታለች፤ በ«ዶ» ከጀመረ ዶሮዋን በሌላ ስም ትጠራለች። ሴቶቹ ለዚህ የሚሆን የራሳቸው ቃል አላቸው፤ ሲነጋገሩ ብትሰሙ ሌላ አገር የገባችሁ ይመስላችኋል። አባቴ ደግሞ ሃንዲሶ ነው ስሙ።

ሌሎቹ ሙሽሮች ክልከላው ለአገር ቤት ቋንቋ ብቻ ነው ይላሉ። አንድ ቀን ወንዝ ዳር አንዷ ስትነግራት ሰምቻለሁ። «አንቺ ደግሞ አበዛሽው። አማርኛ ላይ አይሠራም እኮ» አለቻት።

የአንጋጫዋ እንስራዋን እየሞላች «ጆሮ ቋንቋ አይመርጥም» አለች። «በዚያ ድምፅ አንድ ቃል ከጀመርኩ አባባ ዞር ማለታቸው አይቀርም። ዞር ካሉ በኋላ ቃሉን ወደ ሌላ ልለውጠው ነው?»

«ታዲያ ሃያን ምን ልትዪ ነው?»

«ሁለት አስር።»

እንዳለችውም አደረገች። ገበያ ቅቤ ስትሸጥ «አስራ ስምንት፣ አስራ ዘጠኝ፣ ሁለት አስር» ብላ ነው የምትቆጥረው፤ ሃምሳ ደግሞ አምስት አስር ነው። የአንጋጫ ሰው እንዲህ ነው የሚቆጥረው ተብሎ በሆሳዕና ገበያ ተወራ፤ ከዚያ የመጡ ነጋዴዎች በከንቱ ተሳቀባቸው። ሐሙስን «የረቡዕ ማግሥት» ትለዋለች። የኛን የሀዲያን ስም ራሱን መጥራት አትችልም፤ «እናንተ» ትለናለች። ይብስ የነበረው እሑድ ነው። ጸሎት ቤት ጉባኤው በሙሉ ሃሌሉያ ሲል እሷ ትንሽ ቆየት ብላ «ሌሉያ» ትላለች። አጠገቧ የሚቀመጡት ሴቶች ዜማ የምትጨምር መስሏቸው አንዳንዶቹ ተከተሏት፤ ለብዙ ዓመት በዚያ ወንበር በኩል «ሌሉያ» ይሰማ ነበር።

የኔዋን ምራት ሳይ ሳቄ የሚመጣው ለዚህ ነው። እሷ ስሜን ለሰፈር ምልክት ትጠቀምበታለች። ስልክ ላይ «ላሬቦ ቤት ጋ ስትደርስ ክላክስ አድርግ» ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን ስሜን በሰማሁ ቁጥር ሻይዬ ይደፋ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ። ውኃ አመላላሹም፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢውም፣ ባጃጁም በኔ ስም ነው ቤቱን የሚያገኙት። አባቴ ይህን ቢሰማ ምን ይል እንደ ነበር እያሰብኩ ብቻዬን እስቃለሁ።

ወደ ፊደሉ ልመለስ። ይህችው ሴት ፊደል ላስተምርህ ብላ ዱላዋን አንሥታ የመጀመሪያውን ስትጽፍ ምን እንደ ገጠማት አሁን ገባችሁ። ፊደል ሲጀምር ራሱ በአማቷ ስም ነው የሚጀምረው። አፈሩ ላይ ጻፈችው፣ አየችው፣ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ገጠመችው። ከዚያ «ይሄ አባባ ነው» አለችኝ። «ሁ» እና «ሂ» አላስቸገሯትም። አራተኛው ላይ ስትደርስ ያው ድምፅ እንደገና መጣ፤ አንድ እግሩ ግን ረዝሟል። «ይሄ አባባ እግራቸውን ዘርግተው ነው» አለች። እፎይ ብላ ለን ጨርሳ ወደሚቀጥለው ቤት ስታልፍ ሐ ቆሞ ጠበቃት፤ እግሮቹ ሦስት ናቸው። «አባባ በርጩማ ላይ።» ራቅ ብሎ ደግሞ ኀ አለ፤ እሱንም «አባባ ጎንበስ ብለው» አለችው። ፊደል የሠራው ሰው ምን እንዳደረግነው አላውቅም፤ ያንን አንድ ድምፅ ስድስት ቦታ ደብቆ አስቀምጦባታል። እኔ አማርኛ ስለማላውቅ ሁሉንም እንደ ነገረችኝ በዜማ ያዝኩት፦ «አባባ፣ ሁ፣ ሂ፣ አባባ እግራቸውን ዘርግተው፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ።» ከኤልዳና ዜማ የኔው ይረዝማል።

እያንዳንዱ የፊደል ቤት መንገዱ ላይ የራሱ ቦታ ነበረው። የአባባ ቤት የግቢያችን በር ነው፤ እዚያ በሹክሹክታ ነው የምናልፈው። ለ የጎረቤት አጥር ነው። ባለ ሦስት እግሩ ሽማግሌዎች በርጩማ ይዘው የሚቀመጡበት ዋርካ ነው። መ ጸሎት ቤቱ ነው፤ በ ቁልቁለቱ ላይ ነው፤ ነ ወንዙ ላይ፣ የግንዱ ጫፍ ጋ ነው። ዛሬም ነ የሚል ነገር ሳይ እግሬ የሚያዳልጠኝ ይመስለኛል። ከወንዙ ማዶ ያሉት ፊደሎች ግን የገበያ ቀን ብቻ ነበር ተራ የሚደርሳቸው፤ በሌላ ቀን እዚያ አንሻገርም። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ከአ በኋላ ያሉት የሚከብዱኝ። ጸ እና ፀ ላይ ስደርስ አሁንም የዳገቱ ድካም ይሰማኛል።

ጥምቀት አለፈ። በፈተናው ቀን አባቴ ንጹሕ ጋቢውን ለብሶ፣ አለንጋውንም ይዞ ወጣ፤ ካልሆነልኝ ከዚያው ወደ ሾኔ የሚሄድ መኪና ላይ ሊጭነኝ ነው። እናቴ ቆጮ ቋጥራልኛለች፤ ለየትኛው መንገድ እንደ ሆነ አልነገረችኝም። የገበያ ቀን ስለ ነበር የአንጋጫዋም የቅቤ ቅሏን ይዛ ከኋላችን መጣች። ምራት ከአማቷ ፊት ስለማትቀድም፣ ፊቷንም ስለማታሳይ፣ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ጎትታ ራቅ ብላ ነው የምትከተለን። ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ከአጥሩ ውጭ ቀረች።

መምህሩ የፊደል ገበታውን ግድግዳው ላይ ሰቅለው ማመልከቻ እንጨት ይዘዋል። አባቴ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና የሚያመውን ጉልበቱን ዘረጋ። መምህሩ የመጀመሪያውን ፊደል ነኩ።

«አባባ» አልኩ።

«አቤት» አለ አባቴ።

መምህሩ ዞር አሉ። «እርስዎን አይደለም» ብለው እንጨቱን አሳለፉ። ሁ አልኩ፣ ሂ አልኩ። አራተኛው ላይ ደረሱ።

«አባባ እግራቸውን ዘርግተው።»

አባቴ ደንግጦ እግሩን ሰበሰበ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ጉልበት ያመኛል» አላቸው። መምህሩ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። የሚቀጥለውን ቤት ዘለው፣ የሚያጠምዱኝ መስሏቸው ይሆናል፣ ባለ ሦስት እግሩን ነኩ።

«አባባ በርጩማ ላይ» አልኩ። አባቴ የተቀመጠበትን ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይሄ ልጅ እየቀለደብኝ ነው?» አሉ መምህሩ። እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ጊዜ የለኝም። ይውሰዱት።»

ያን ቀን ያየሁትን ሰማይ ዛሬም አልረሳውም፤ በመስኮቱ በኩል የሾኔ መንገድ ይታያል። አባቴ ግን አልተነሣም። ገበታውን እያየ ቆየ። ማንበብ አያውቅም፤ ሰው ማንበብ ግን ያውቃል። በዚህ ምድር ላይ በአማርኛ «አባባ» ብሎ የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ከአጥሩ ውጭ ቆማለች። ተነሥቶ የራሱ ስም በዚያ ፊደል ይጀምር እንደ ሆነ በመምህሩ ጆሮ አንሾካሾከ። መምህሩ ገበታውን አይተው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። አባቴ ጋቢው እስኪወድቅ ሳቀ። በተሰባበረ አማርኛው ምራቱ ስሙን እንደማትጠራ፣ የአገሩ ወግ እንዲህ እንደ ሆነ አስረዳቸው። መምህሩም ፈገግ አሉ፤ ነገር ግን «ገባኝ። ቢሆንም ልጁ ራሱ ይበለው። እኔ ክፍል ውስጥ ይህን ፊደል አባባ ብዬ ላስተምር አልችልም» አሉ።

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ በቋንቋችን በሀዲይሳ ጠየቀኝ። «የአንጋጫዋ የማትለው ምንድን ነው?»

አሰብኩ። ሰው ሁሉ ሃያ ሲል እሷ ሁለት አስር ትላለች። ሰው ሁሉ ሐሙስ ሲል እሷ የረቡዕ ማግሥት። ሰው ሁሉ ሃሌሉያ ሲል እሷ ቆየት ብላ ሌሉያ። ስንት ወር ሙሉ አብሬያት ስሄድ ከንግግሯ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ነበረ፤ ሁልጊዜ ያው ቀዳዳ፣ መጠኑም ያው። አሁን ከገበታው ላይ ያለው ፊደል ልክ እዚያ ይገባል።

«ሀ» አልኩ።

መምህሩ እንጨቱን አነሡ። ሀን ነኩ፣ ሃን ነኩ፣ ሐን፣ ሓን፣ ኀን፣ ኃን ነኩ። ሁሉንም አልኳቸው። ከወንዙ በፊት ያሉትን ያለ ስሕተት ወረድኩባቸው፤ ከወንዙ ማዶ ያሉትን እየተንገዳገድኩ ወጣኋቸው። መምህሩ ፐ ላይ ሲደርሱ እሳቸውም ደክሟቸው ነበር መሰለኝ፣ «ይበቃል፤ ሰኞ ይምጣ» አሉ። ስለ ጆሮዬ ማንም አላነሣም።

አባቴ ግን የሚጠይቀው ነገር ነበረው። «ጋሼ፣ ስሜ እዚህ ስንት ቦታ ነው ያለ?» አለ ገበታውን እያሳየ።

«ስድስት።»

«የወረዳ ገዥ ስም በምን ይጀምራል?»

«በ "በ"።»

«በ ስንት ነው?»

«አንድ ነው።»

አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ ቀጥ አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመንደራችን ለትምህርት የሚከራከር ሰው እሱ ሆነ። መንግሥት ያከበረኝ ነገር ነው እያለ የጎረቤት ልጆችን ሳይቀር ይወስድ ነበር። አለንጋውን እዚያው ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰጠው።

ስንወጣ መምህሩም አብረውን ወጡ። «አስተማሪህ የት አለች?» አሉኝ። በእጄ አሳየኋቸው። አጥሩ ጋ ጀርባዋን ሰጥታ፣ የቅቤ ቅሏን አቅፋ ቆማለች። ፈተናው እንዴት እንዳለቀ ገና አልነገርናትም፤ ትከሻዋ ወደ ላይ ተሰብስቧል። መምህሩ ቀረብ ብለው «ልጅሽ አልፏል» አሏት። ትከሻዋ ወረደ። «ደህና አድርገሽ አስተምረሻል። ስምሽ ማን ነው?»

ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ጎተተች። መምህሩ ያልሰማቻቸው መስሏቸው ደገሙላት። ነጠላዋን ይበልጥ ጎተተች። ወደኔ ዞረው «ስሟ ማን ነው?» አሉኝ። «የአንጋጫዋ ነው የምንላት፤ ሌላ አላውቅም» አልኩ። ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ መሬት መሬት እያየ «ስም ነበራት» አለ። «ስትመጣ ሰምቻለሁ። ከኔ ስም ጋር ገጠመ፤ እኛ ቤት በር ላይ ቀረ።»

ያኔ የአንጋጫዋ ጎንበስ አለች። ቅሏን መሬት አስቀምጣ፣ ከአጥሩ ሥር ስንጥር አንሥታ፣ አቧራው ላይ ጻፈች። ሁለት ፊደል ብቻ ነበር። መምህሩ አይተው እኔን ትከሻዬን ይዘው ወደ ጽሑፉ አስጠጉኝ። «አንብብላት» አሉኝ።

ሁለተኛዋን አወቅኋት፤ ከወንዙ፣ ከግንዱ ጫፍ ናት። የመጀመሪያዋ ባለ ሦስት እግሯ ነበረች፤ አባባ በርጩማ ላይ። አባቴን አየሁት። ራሱን ነቅንቆ በል የሚል ምልክት አሳየኝ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩትን ቃል ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ሐና» አልኩ።

«አቤት» አለች ሐና።